የሰፈፍ ቀለም

ሚልክያስ ሰው ሲያነጋግረው መስማት የሚጀምረው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። «የዚህ ልጅ ጆሮ ከራሱ ተለይቶ በሌላ መኪና ነው የሚመጣው» ይላሉ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ አየለች። ባላቸው አቶ ዶላሞ ያንን ከባድ ነገር የተናገሩ ጠዋትም እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ በአሮጌው የአይሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ያደረው የጂንካ ጉም እንደ ጠገበ ከብት ቀስ እያለ ሲነሳ ያይ ነበር። አጎቱ ተናግረው፣ ጨርሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሊወጡ ሲሉ ነው ነገሩ የደረሰው።

«ምን አሉኝ አጎቴ?»

«ኦሞራቴ አልኩህ።»

«ኦሞራቴ ምን ሆነ?»

«ኦሞራቴ ምንም አልሆነም። አንተ ነህ የምትሆነው። ነጋሽ ሱቁን አስፍቷል፣ የሚያምነው ሰው ይፈልጋል። ዝናቡ ጋብ ሲል መኪና ይዞ ይመጣል፣ ፍራሽህን ጭነህ አብረኸው ትሄዳለህ።»

ነጋሽ የአቶ ዶላሞ የበኩር ልጅ ነው። ኦሞራቴ ላይ ገመድ፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ስኳርና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣል፤ ዝም ብሎ ሲያወራ እንኳ ዕቃ የሚያስጭን ይመስላል። ሚልክያስ ኦሞራቴን አንድ ጊዜ ሄዶ አይቶታል። ወንዙን ወዶታል፤ ሙቀቱን ግን ዛሬም ሲያስበው ላብ በጀርባው ይወርዳል። እዚያ ሻማ እንኳ ቀጥ ብሎ አይውልም፣ እኩለ ቀን ላይ አንገቱን ይደፋል። የሚልክያስ ኑሮ ደግሞ አሁን በሙሉ በሰም ላይ ነው የቆመው።

«ስዕሌስ?» አለ።

አቶ ዶላሞ ባርኔጣቸውን መልሰው አወለቁ። የአሪ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጂንካ በላይ ባለው ጫካ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉና ማር ሲቆርጡ የኖሩ፣ ንብን እንጂ ሰውን ብዙ የማይሰሙ።

«ስዕልህን ማን ፈለገው? ንገረኝ እስቲ። ታፔላ ስትጽፍ ሰው ይፈልግሃል፤ የጸጉር ቤቱ ፈልጎሃል፣ የባጃጁ ልጅ ፈልጎሃል። ያንን ግድግዳ የመሰለ ነገርህን ግን ማን ፈለገ?»

ሚልክያስ አሰበ። እውነትም ማንም አልነበረም።

«እንግዲያው ስማኝ» አሉ አቶ ዶላሞ፣ አንጀታቸው ትንሽ ራርቶ። «ነጋሽ እስኪመጣ ጊዜ አለህ። ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይለምነው፣ በራሱ እግር መጥቶ ሥራህን የፈለገ አንድ ፍጡር ካገኘህ አፌን እይዛለሁ። የጓሮው ክፍልም ያንተ፣ ሰሙም ያንተ። ካላገኘህ ግን ኦሞራቴ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ይበቃኛል።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ጫካቸው ወጡ። የክረምቱ አበባ ወቅት ስለነበር፣ ቀፎ ሲሰቅሉ እዚያው ጎጇቸው ውስጥ እያደሩ ነው የሚከርሙት።

የሚልክያስ የሰም ነገር የጀመረው በስልክ ነው። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ ታፔላ እየጻፈ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ከጓሮ ባለችው ክፍል ብቻውን እየተቀመጠ የሚኖር ሰው ነውና፣ አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ ሽበታም ፈረንጅ ሴትዮ አየ። ሴትዮዋ ከቆርቆሮ ውስጥ እንደ ቅቤ የረጋ ነጭ ነገር በቢላዋ እየዛቀች ከዘይት ቀለም ጋር ታሻለች። ብሩሽ የሚባል ነገር አልያዘችም። በሊጥ መፋቂያ ትለጥፋለች፣ ታስተካክላለች፣ ትንሽ ሲጠና ሌላ ቀለም ትደርብበታለች፤ ከዚያ ደግሞ ያንን ሁሉ ደክማ የደረበችውን መልሳ ትፍቀዋለች። ስትፍቀው ከሥር የተቀበረው ቀለም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ አሮጌ ግድግዳ ሲላጥ የዱሮ ተከራዮች የቀቡት ሁሉ እንደሚታየው። አንዳንዴ አሸዋ ትበትንበታለች፣ አንዳንዴ የጋዜጣ ቁራጭ ትቀብርበታለች። ሚልክያስ ቋንቋዋን በቅጡ አልተከታተላትም። ያ ነጭ ነገር ግን የንብ ሰም መሆኑ፣ በእሳት ሳይሆን እንዲሁ በብርዱ የሚቀባ ሰም መሆኑ ገባው።

ሰም ደግሞ ከጂንካ ምን ጠፍቶ? ከአጎቱ ጎተራ ጥግ፣ ማሩ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረው ሰፈፍ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀመጣል። ሚልክያስ ከዚያ ቆንጥሮ በውሃ አፈላ፣ በአሮጌ ነጠላ አጠለለ፣ ሲበርድ ከላይ የረጋውን ቢጫ ሰም ወሰደ። እሱን ድስት ውስጥ በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጦ አቀለጠና ከእሳቱ አርቆ አኳራጅ ጨመረበት፣ ቀለም ማቅጠኛውን። በማግስቱ ቆርቆሮውን ሲከፍት እንደ ቅቤ ረግቶ ጠበቀው። ቀለሙ ነጭ ሳይሆን ቢጫ ነበር፤ ሽታው ግማሹ የማር፣ ግማሹ የጋራዥ።

አኳራጁን የሚገዛው ከሩሐማ ነው። ሩሐማ በአባቷ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ምስማር የምትመዝን፣ የቆርቆሮ ሉክ በዓይኗ የምትለይ፣ በመዘምራን ውስጥ ደግሞ ከፊት የምትቆም ልጅ ናት። ሚልክያስ የሚያስፈልገውን አኳራጅ በአንድ ጊዜ መግዛት ሲችል በትንሽ በትንሹ ነው የሚገዛው።

«ዛሬም አኳራጅ?» አለችው አንድ ቀን።

«ዛሬም።»

«ትጠጣዋለህ እንዴ?»

ሚልክያስ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ባጃጅ አሳለፈ፣ ከዚያ ቆመና ዞር ብሎ፣

«አልጠጣውም» አለ።

ሩሐማ በሚዛኑ ላይ ተደፍታ ስቃ ልትሞት ደረሰች።

የአጎቱን ቃል ከሰማ በኋላ ሚልክያስ ትልቁን ስዕሉን ሊሠራ ተነሳ። ሰም ግን ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ ጨርቅ ላይ ከተቀባ ጨርቁ ሲተጣጠፍ ይሰነጣጠቃል። ሴትዮዋ የምትሠራው ከኋላው ወፍራም የእንጨት ፍሬም ባለው ጣውላ ላይ ነው፣ ልክ ከጀርባው እንደተከፈተ ሳጥን። እሱ አንድ ሉክ ኮምፔንሳቶ ነበረው፣ ፍሬሙን ግን ከየት ያምጣ? ግቢውን ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ማንጎው ሥር ያለው ቢጫ ሳጥን ላይ አረፈ።

ይህ ሳጥን ታሪክ አለው። ሀብታሙ የሚባል የንብ ባለሙያ ነው ከዓመታት በፊት ከግብርና ቢሮ ይዞት የመጣው፤ ዘመናዊ ቀፎ። አቶ ዶላሞ ያኔ ሳጥኑን ዞረው አይተው፣ አንኳኩተው፣ «ንብ ሞኝ አይደለም፣ ይሄ ውስጥ አይገባም» ብለው ፈረዱ። ማንጎው ሥር አስቀመጡት፤ እውነትም አንድም ንብ ሳያየው ክረምት በክረምት ላይ አለፈ። የእትዬ አየለች ቀይ ዶሮ ግን አየችው፣ ገባች፣ እንቁላል መጣያዋ አደረገችው። ሀብታሙ በሞተር ብቅ ሲል ይጠይቃል።

«አቶ ዶላሞ፣ ኢምፕሩቭድ ቀፎው እንዴት ነው? ፐርፎርማንሱ?»

«በጣም ጎበዝ ነው። ዛሬ ጠዋት እንቁላል ሰጠ።»

ሀብታሙ ይህንን እንዴት አድርጎ ሪፖርት ላይ እንደሚጽፈው እየተጨነቀ ይሄዳል። አቶ ዶላሞም ቅዳሜ ገበያ ወርደው ለሚያውቁት ሁሉ ይህንኑ ይደግማሉ፤ ከማራቸው ይልቅ ይህን ወሬ ለማድረስ ነው ገበያ የሚወጡት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሚልክያስ ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቆ አስነሳ። ሳጥኑን አጠበ፣ በፀሐይ አደረቀ፣ ኮምፔንሳቶውን በአንድ በኩል በምስማር መታበትና ወደ ክፍሉ ይዞት ገባ። ዶሮዋ በሩ ላይ ቆማ ብዙ ነገር ተናገረችው።

ሊሥል የፈለገው ጉሙን ነው፤ የሜዳውን ጉም። የአይሮፕላን ማረፊያው ወደ ሌላ ቦታ ሳይዛወር በፊት፣ እሱ ሕፃን ሳለ፣ ከተማው መሀል ባለው ሜዳ ላይ ከብት ይግጥ ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከብቱ ይባረራል፣ አይሮፕላኑ ያርፋል፣ ሲነሳ ደግሞ ከብቱ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ሚልክያስ ያንን ሁሉ ከሥር ቀበረው። መጀመሪያ ቀዩን የሜዳ አፈር አድቅቆ ከሰሙ ጋር አሸና ለጠፈ። በላዩ አረንጓዴ፣ በአረንጓዴው ላይ የእትዬ አየለች ምድጃ አመድ። የበቆሎ ገለባ ቀዶ የከብት ጎድን አስመስሎ ቀበረበት። አይሮፕላኑን በብርማ ቀለም ሣለው፣ በጣም ቆንጆ አይሮፕላን ነበር፤ ከዚያ በግራጫ ሰም ሸፈነው። ሲደርብ፣ ሲጠብቅ፣ ደግሞ በአሮጌ የትምህርት ቤት መታወቂያው ጠርዝ ሲፍቅ ሰነበተ። በስስ ሲፍቅ ከጉሙ ውስጥ የክንፍ ጫፍ ብቅ ትላለች። ትንሽ ጠበቅ ሲያደርግ ቀዩ አፈር ይመጣል። አንዳንዴ እጁን ከመጠን በላይ ይጭንና አይሮፕላኑን ከነመንገደኛው ይፍቀዋል፣ እንደገና ይሠራዋል።

ሲጨርስ የቀረው ስለ ሳጥኑ ጀርባ ማሰብ ነው። ጂንካ ላይ እንጨት ካልተጠበቀ ምስጥ ይበላዋል። አጎቱ አዲስ ቀፎ ከመስቀላቸው በፊት ውስጡን በጥሬ ሰፈፍና ደስ የሚል ሽታ ባለው ቅጠል ሲያሹት ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። ለምን እንደሚያሹት በእርግጥ ነግረውታል፤ ያኔ ግን ጆሮው መንገድ ላይ ነበር። ከምስጥ ሊጠብቁት ይሆናል አለ በልቡ። ከከረጢቱ ወፍራም ሰፈፍ ወስዶ የሳጥኑን ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ አሸው፣ በቅጠሉም ደገመው። ምስጥ ከመጣ እንግዲህ እናያለን።

«ይሄ የአኳራጅ ሽታ ራሴን ሊያፈነዳው ነው» አሉ እትዬ አየለች። «ቤቴ ውስጥ አይደርቅም። አውጣው።»

በረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከመንገድ በሚታይ ቦታ፣ በወፍራም ሽቦ ሰቀለው። ከነሳጥኑ ስለሆነ ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጥቶ ቆመ፤ ጀርባውን ግድግዳው ደፈነው፣ ከታች በኩል ብቻ ቀጭን ክፍተት ቀረች።

እትዬ አየለች ወገባቸውን ይዘው አዩት።

«ስዕል ነው ቁምሳጥን?»

«ስዕል ነው።»

«የምን ስዕል?»

«የሜዳው፣ በጠዋት።»

አንገታቸውን አዘነበሉ። «እኔ የሻገተ ዳቦ መስሎኝ ነበር። ተባረክ፣ ቆንጆ ነው።»

ከዚያ ሚልክያስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ፈላጊውን ይጠብቅ ጀመር። መጥራትም መለመንም ስላልተፈቀደለት፣ ሰው ሲያልፍ ወደ ሰማይ ያያል። የባጃጁ ልጅ ቆመና ግድግዳው ዝናብ አስገብቶ እንደሆነ ጠየቀው፤ ሲሚንቶ ለሳኝ ዘመድ አለኝ አለ። አንዲት የመዘምራን እናት ቀይ ባሕር ሲከፈል ነው ብለው ብዙ አደነቁ፤ አይደለም ሲላቸው ቅር ብሏቸው ሄዱ። አንድ አስጎብኚ ፈረንጆች አስከትሎ ሲመጣ ሚልክያስ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ፈረንጆቹ ቆሙ፣ ካሜራ አወጡ፣ ተንበረከኩ፤ የሚያነሱት ግን ሳጥኗን ፍለጋ ከስዕሉ ሥር ቆማ የምትጮኸውን ቀይ ዶሮ ነበር። በጣም ወደዷት።

የአኳራጁ ሽታ ቀን በቀን እየሳሳ ሄዶ የማሩ ሽታ ብቻ ቀረ። ዝናቡም ጋብ ማለት ጀመረ። ሚልክያስ የሰማዩን መጥራት እንደ ክፉ ዜና ያየው ጂንካ ውስጥ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ሰሞን ንብ መጣች። አንዲት ናት፤ ስዕሉን ዞረች፣ ጉሙ ላይ አረፈች፣ ከታች ባለችው ክፍተት ገባች፣ ወጣች፣ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ጓደኞቿን ይዛ ተመለሰች።

«አዩ እትዬ» አለ ሚልክያስ፣ «ቀለሙን ወደውት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሲጠፋ ነፍሳት ላይ ወረድክ?» አሉና ድስታቸውን ይዘው ገቡ። ያ ሳጥን ንብ የማይገባበት ሳጥን መሆኑን ባላቸው ገበያ ለገበያ ስለሰበኩላቸው፣ ነገሩ በአእምሯቸው ጥግ እንኳ አልዞረም።

ነጋሽ የመጣው ፀሐይ ፏ ባለችበት ጠዋት ነው። አይሱዙውን ከበሩ ላይ አቁሞ ሞተር ሳያጠፋ ወረደ። አቶ ዶላሞም ልጃቸው መምጣቱን ሰምተው ከጫካ ወርደው ነበር።

«ፍራሹ የት ነው? ሌላ ምን አለ? ይሄ ቁምሳጥንም ይጫናል?»

«ስዕል ነው» አለ ሚልክያስ።

«ፈላጊ አልመጣም?» አሉ አቶ ዶላሞ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ ልጁን ሲያሳድጉት ዝምታውን ለምደውታል፣ ቤቱ ያለእሱ ምን እንደሚመስል ጫካ ውስጥ ሆነው አስበውት ኖሯል።

«አልመጣም።»

«እንግዲህ ቃል ቃል ነው።»

ሚልክያስ ፍራሹን ተሸክሞ መኪናው ላይ አወጣው። ነጋሽ ስዕሉን ሊያወርድ እጁን ወደ ሽቦው ሲዘረጋ፣ ከማንጎው በላይ የሆነ ድምፅ ተሰማ። ነጋሽ የራሱ ሞተር መስሎት ወደ መኪናው ዞረ። ድምፁ ግን ከሰማይ ነው፤ እየወፈረ፣ እየቀረበ መጣ። ከዚያ አየሩ ጠቆረ፤ የተበተነ ጤፍ የመሰለ ነገር በግቢው ላይ ተሽከረከረና እንደ አንድ ነገር ሆኖ ወደ በረንዳው ወረደ።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አሉ አቶ ዶላሞ በዝግታ።

የተንቀሳቀሰው ነጋሽ ብቻ ነው። እጁን አወናጨፈ፣ ጆሮው ላይ ተነደፈ፣ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ። የቀሩት ባሉበት ቆመው አዩ። ንቦቹ ስዕሉን ሸፈኑት፤ ጉሙ፣ አይሮፕላኑ፣ ከብቱ ሁሉ ለጊዜው ከሥራቸው ጠፋ። ከዚያ ወንዝ ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ በታችኛዋ ክፍተት እየፈሰሱ ገቡ፤ ገብተው ገብተው፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ዘበኞች ብቻ ደጃፉ ላይ ቀሩ። ስዕሉ እንደገና ታየ። ከውስጡ ግን አሁን ድምፅ ነበረው፤ የሩቅ አይሮፕላን የመሰለ።

አቶ ዶላሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ።

ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሩሐማም ከሱቋ ወጥታ መንገድ ላይ ቆማለች። በዚህ መሀል ሞተሩን እያንደቀደቀ ሀብታሙ ደረሰ፤ ማን እንደነገረው አይታወቅም። ቢጫውን ሳጥን ከስዕሉ ጀርባ ሲያይ ፊቱ በራ፣ ስልኩን አወጣ።

«አቶ ዶላሞ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። በመጨረሻ ዘመናዊ ቀፎውን አዶፕት አደረጉ። ከጎኑ ይቁሙልኝ፣ ለሪፖርት ነው። ፈገግ ይበሉ።»

አቶ ዶላሞ ፈገግ አላሉም። ሳጥኑን አዩ። በአጥሩ ላይ ያሉትን ጎረቤቶች አዩ፤ ግማሾቹ የእንቁላሉን ወሬ ከእሳቸው አፍ የሰሙ ናቸው። ቅዳሜም ሩቅ አልነበረም።

«ሳጥኑ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አይደለም? ገብተውበታል እኮ።»

«ይሄ ሳጥን ያ ማንጎ ሥር ስንት ክረምት ተቀመጠ? ማን ገባበት?»

«ዶሮ» አሉ እትዬ አየለች።

«ዶሮ። ሰማህ? ሳጥኑ ያው ነው፣ ግቢውም ያው ነው፣ ንቡም ያው የጂንካ ንብ ነው። አዲስ የተጨመረው ምንድን ነው?» ጣታቸውን ወደ ጉሙ ቀሰሩ። «ይሄ ነው። የልጁ ሥራ ነው የጠራቸው።»

«አቶ ዶላሞ፣ ይሄ ሳይንሳዊ አይደለም።»

«እንግዲያው አንድ ባዶ ሳጥን ከቢሮህ አምጣና ከጎኑ ስቀል። የትኛውን እንደሚመርጡ ቁጭ ብለን እናያለና።»

እዚህ ላይ እትዬ አየለች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ፣ ስለ ሽሮ የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው፣

«እንግዲያው ፈላጊ መጣለታ» አሉ።

አቶ ዶላሞ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ወጥመዱ የተዘጋው ያኔ ነው፤ ሲዘጋም የሰሙት ይመስላል።

ነጋሽ መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ አደረገ። ጆሮው እንደ ቲማቲም አብጧል። «አባባ፣ የተባለው በራሱ እግር የመጣ ነው አሉ። እነዚህ በክንፍ ነው የመጡት።»

«አንድ ይበቃኛልም ብለዋል» አሉ እትዬ አየለች። «እስቲ ውረድና ቁጠራቸው።»

ነጋሽ መስኮቱን መለሰው።

ሚልክያስን ለአንድ ጊዜ እያንዳንዷ ቃል በተነገረችበት ሰዓት እየደረሰችው ነበር። አጎቱ አሁን «ይሄ አይቆጠርም» ቢሉ ስዕሉ ማንንም አልጠራም ማለት ነው፤ ስዕሉ ካልጠራ ደግሞ የጠራው ሳጥኑ ነው፤ ሀብታሙ ስልኩን እንደደገነ ቆሟል።

አቶ ዶላሞ አገጫቸውን አሹ፣ አሹ።

«ሳይጠሩ መጥተዋል» አሉ በመጨረሻ። «ሳይለመኑ መጥተዋል። ንብ እግር የለውም ያለ ሰውም ንብ አያውቅም። ነጋሽ፣ ፍራሹን አውርድ።»

«እኔ አልወርድም።»

«እንግዲያው ልጁ ራሱ ያወርደዋል።»

ሚልክያስ ፍራሹን በራሱ ላይ አድርጎ ወደ ክፍሉ ሲመልሰው ከፍራሹ ሥር ፊቱ አልታየም፤ የሆነው ሆኖ እግሩ የሚራመድ ሳይሆን የሚዘፍን ነበር። ሀብታሙም ባዶ እጁን አልሄደም፤ ስዕሉን ከፊት፣ ሳጥኑን ከጎን አነሳው። ሪፖርቱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰዉ ሲበተን አቶ ዶላሞ ሚልክያስን ወደ ጥግ ጠሩት። በቀስታ ወደ ሳጥኑ ተጠግተው አሸተቱ።

«ውስጡን ምን ቀባኸው?»

«ሰፈፍ። ቅጠሉንም። ለምስጥ ብዬ።»

«ለምስጥ?»

«እርስዎ ቀፎ ሲሰቅሉ እንደሚያደርጉት።»

የአጎቱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ንቦቹን እንዳይረብሹ እየተጠነቀቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ለንብ ነው እኮ የሚቀባው። ኑ፣ ቤት ተሠርቶላችኋል ለማለት። ስንቴ ነገርኩህ።»

«ስዕሉ አይደለማ የጠራቸው።» ሚልክያስ ወደ ክፍሉ ዞረ። «ፍራሹን ልመልሰው?»

አቶ ዶላሞ ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስዕሉን ከፊት ለፊት ቆመው አዩት፤ አንዲት ዘበኛ ንብ በጉሙ ላይ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር።

«ይሄ ከፊት ያለውስ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከሰፈፍ። ከሰምና ከቀለም።»

«እንግዲያው አልዋሸሁም። ደግሞ በሀብታሙ ፊት የተናገርኩትን ልመልስ? እሞታለሁ እንጂ።» ጠጋ ብለው አንዲት ብርማ ጫፍ በጣታቸው ሊነኩ ቃጡና ተዉት። «ይቺ ክንፍ ናት?»

«ናት።»

«ከብቶቹስ?»

«ከሥር ናቸው። ተባረዋል።»

«አዎ፣ ይባረሩ ነበር» አሉ አቶ ዶላሞ፣ ለራሳቸው ያህል። ቀስ ብለው ከበረንዳው ወረዱ።

ነጋሽ ከሰዓት በኋላ ለብቻው ሄደ። ከመሄዱ በፊት በመስኮቱ ስንጥቅ የሱቁን ታፔላ አዘዘ፤ በሰም እንዳይሆን አደራ አለ።

ፀሐይዋ ስትበርድ ሩሐማ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከአጥሩ በር ላይ ቆመች፣ አልፋ አልገባችም።

«ተረጋጉ?»

«ተረጋጉ።»

«ሲያስከፋኝ የከረመ ነገር አለ» አለች። «የአኳራጅ ነገር ሲሆን በየቀኑ ትመጣለህ። ሠርተህ ስትጨርስ ግን ነይ እዪው አላልከኝም። በየቀኑ ከሱቅ ሆኜ በሩቁ ነው የማየው። ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሊሰቀል የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ለክቻለሁ።»

ሚልክያስ ስዕሉን አየ፣ እሷን አየ። «መጥራት አልተፈቀደልኝም ነበር።»

«አሁን ልወስደው ስል ደግሞ ቀደሙኝ።»

«ከኋላው ሰፈፍ ቀብቼበት ነው የመጡት። ሌላ እሠራልሻለሁ። የፈለግሽውን።»

ሩሐማ ነጠላዋን ከዓይኗ ዝቅ አደረገች። ደጃፉ ላይ ያሉትን ዘበኞች በዓይኗ እየተከታተለች ነው የመለሰችለት።

«እሺ። ብቻ ከኋላው ምንም እንዳትቀባ።»

ይህንን ግን ገና ተናግራ ሳትጨርስ ሰማት።